ራዲዮ የማይሰማበትን ኮከብ ዙር ከሐዋሳ ሆኜ እንዴት ቆጠርኩ

ለብዙ ዓመታት ስለ ኒውትሮን ኮከቦች፣ ማለትም ትልቅ ኮከብ ሲፈነዳ ስለሚቀረው እጅግ ጥቅጥቅ ያለ እምብርት፣ ሳስተምር የምጀምረው ከራዲዮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ጆስሊን ቤል በየ1.337 ሰከንዱ የሚመላለስ የራዲዮ ምት አገኙ፤ ምቱ የሚሽከረከር ኒውትሮን ኮከብ እንደሆነ ታወቀ። ከዚያ ደወል ይደወላል፣ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ራዲዮ ጨርሶ የማይሰማባቸው መኖራቸውን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው።

ሰባት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጠቀው ሮሳት የተባለ ሳተላይት ሰማዩን በኤክስሬይ ሲቃኝ የመዘገባቸው ናቸው። አጠገባቸው ጓደኛ ኮከብ የለም፤ የወለዳቸው ፍንዳታ ደመናም ተበትኖ አልቋል። የምናየው የኮከቡን ገጽ ሙቀት ብቻ ነው፣ ከግማሽ ሚሊዮን እስከ አንድ ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ። የብዙዎቹን ሌሎች ኒውትሮን ኮከቦች ገጽ በዙሪያቸው ያለው ሁከት ይሸፍነዋል፤ እነዚህ ግን ምንም አልደረቡም። ራዲዮ የማይሰማባቸው ምናልባት ጨረራቸው ጠባብ ሆኖ በእኛ አጠገብ ስለሚያልፍ ነው፤ ወይም ዙራቸው በጣም ስለዘገየ የራዲዮ ምንጫቸው ደርቋል። የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልተቆረጠም።

ዙራቸውን ራሴ ልቁጠር አልኩ። ኤክስሬይ የምድርን አየር ሰንጥቆ አይደርስም፤ ስለዚህ ሐዋሳ ላይ የትኛውንም መሣሪያ ብተክል ምንም አላገኝም። ይሁን እንጂ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ኤክስ ኤም ኤም ኒውተን በተባለው ቴሌስኮፕ የሰበሰበውን መረጃ ጊዜው ሲደርስ ለማንም ያለ ክፍያ ይከፍታል። ፋይሉ ሥዕል አይደለም፤ ረጅም ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) መቼ ደረሰ፣ የት ላይ አረፈ፣ ምን ያህል ጉልበት ያዘ የሚል ነው። ማውረዱ ብቻ ሦስት ሌሊት ወሰደብኝ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ከመጀመሪያው እጀምር ነበር።

የመጀመሪያው ስህተቴ ከሰባቱ ደማቁንና ስመ ጥሩን መምረጤ ነው። አር ኤክስ ጄ 1856 ይባላል፤ 400 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ደማቅ ስለሆነ ዙሩም በቀላሉ የሚታይ መሰለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈለግሁ፤ ምንም የለም። ኮከቡ በየ7.06 ሰከንዱ ይዞራል፤ ነገር ግን ሲዞር ድምቀቱ የሚለዋወጠው 1 ከመቶ ብቻ ነው። ተመራማሪዎችም ይህን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2007፣ ከተገኘ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ቀድሜ ማስላት ነበረብኝ፦ 100 ፎቶን ስንቆጥር በአጋጣሚ ብቻ 10 ያህል ሊያንስ ወይም ሊበልጥ ይችላል፤ 10,000 ስንቆጥር 100። ስለዚህ የ1 ከመቶ ለውጥ ከአጋጣሚው በላይ እንዲወጣ በእያንዳንዱ የዙሩ ክፍል ከ10,000 እጅግ የሚበልጥ ፎቶን ያስፈልጋል። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ለመሥራት አምስት ደቂቃ ይበቃል። አሁን ማንኛውንም ፋይል ከማውረዴ በፊት የምሠራው ይህንን ነው።

ቀጥዬ አር ቢ ኤስ 1223ን ያዝኩ። ይህኛው ደብዛዛ ቢሆንም ሲዞር ድምቀቱ በ18 ከመቶ ገደማ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዘዴው ማጠፍ ነው። እናቴ ነጠላ ስታጥፍ ጥለቱን በጥለቱ ላይ ታሳርፋለች። የፎቶኖቹም ዝርዝር እንዲሁ ነው፦ በትክክለኛው የጊዜ ርዝመት ካጠፉት ድምቀቱ የጨመረበት ጉብታ በጉብታ ላይ ይደራረባል፤ በተሳሳተ ርዝመት ካጠፉት ሁሉም ይደበላለቅና ሜዳ ይሆናል። ኮምፒውተሩ በሺህ የሚቆጠር ርዝመት እየሞከረ ያጥፍ ጀመር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ 5.16 ሰከንድ ላይ ጉብታው ብቅ አለ። ተነሥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ፤ ተመልሼ ስቀመጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጠዋት ለተማሪዎቼ ላሳይ ስል፣ ጎልቶ እንዲታያቸው የርዝመቱን እጥፍ ወስጄ ሁለት ዙር ጎን ለጎን ሣልኩ። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሥዕሉን ዝቅ ብላ አየችና፦ «መምህር፣ ሁለተኛው ጉብታ ለምን አጠረ?» አለችኝ። አጋጣሚ ነው ብዬ መለስኩላት። መልሱ ከአፌ ሲወጣ ግን እንዳላሰብኩበት አወቅሁ።

ያን ምሽት መረጃውን ለሁለት ከፈልኩት። ልዩነቱ አጋጣሚ ከሆነ በመጀመሪያው ግማሽ አንዱ፣ በሁለተኛው ግማሽ ሌላው ሊያጥር ይችላል። በሁለቱም ግማሾች ያጠረው ያው ጉብታ ሆነ። ኮከቡ ሁለት ሞቃት ሥፍራዎች አሉት፤ እኩል አይደሉም፤ እውነተኛው ዙር 10.31 ሰከንድ ነው። የቀደሙትን ጽሑፎች ስመረምር ተመራማሪዎቹም በመጀመሪያ 5.16 ብለው፣ ከዚያ የተሻለ መረጃ ሲመጣ ወደ 10.31 እንዳረሙት አገኘሁ። በማግሥቱ ለተማሪዋ በክፍሉ ፊት ትክክል እንደነበረች ነገርኳት። ሥዕሉም የእሷ ነውና ወሰደችው።

አንድ ነገር ቀረ። የእኔ ቁጥር ከታተመው 10.3125 በሺኛው ቤት ላይ ይለያል። ምክንያቱ ከእግሬ ሥር ያለው ምድር ነበር፦ ምድር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠች ወደ ኮከቡ ስትቀርብ ምቱ ይፈጥናል፣ ስትርቅ ይዘገያል፤ ልዩነቱ ከ10,000 አንድ እጅ ያህል ሊደርስ ይችላል። የእያንዳንዱን ፎቶን ሰዓት ወደ ፀሐይ ሥርዓት የስበት ማዕከል መልሶ ማስላት ያስፈልጋል። ስጀምር የማያስፈልግ የመሰለኝ እርምጃ ይህ ነበር፤ መመሪያው ላይ ተጽፎ ሳለ ዘልዬዋለሁ።

መስከረም 17፣ የመስቀል ዕለት፣ ጥቂት ተማሪዎችን ይዤ ታቦር ተራራ ላይ ወጣሁ። ከሐዋሳ ሲታይ ያን ዕለት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ያቃተኝ ኮከብ፣ 1856፣ በትክክል በደቡብ በኩል፣ ከአድማስ 45 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቆማል። በዓይን አይታይም፤ ሃብል ቴሌስኮፕ እንኳ በጭንቅ ነው ያየው። እጄን ዘርግቼ ቦታውን አሳየኋቸው። ከበታች ከተማው መብራቱን እያበራ ነበር። ያችው ተማሪ ባዶውን ሰማይ እያየች በለሆሳስ እስከ ሰባት ትቆጥርና እንደገና ከአንድ ትጀምር ነበር።