ቸርኬውን ከፊቱ አይቼ ገዛሁት

የ1972 ሸቭሮሌ ሲ-10 ፒካፕ አለችኝ። የምኖረው ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ይህችን መኪና ዝቅ አድርጎ መንዳት ሱስ ነው፤ እኔም ተለከፍኩ። ከፊት 3.5፣ ከኋላ 5 ኢንች አወረድኳት። የኋላው አክስል ቻሲውን እንዳይመታ ቻሲው ተቆርጦ በወፍራም ላሜራ ተጠናከረ። ይሄ ሁሉ ሰላም ነበር። ጉድ የሠራኝ ቸርኬው ነው።

አንድ ሰውዬ ከጂፕ ራንግለር ያወለቃቸውን አራት ቸርኬዎች ይሸጥ ነበር። ቁመቱ 20፣ ስፋቱ 9 ኢንች፣ ጥቁር፣ ያምራል። የብሎኑ ልክ 5 በ127 ይላል። ሲ-10 ከ1971 ጀምሮ የፊት ዲስክ ፍሬን ሲገባላት ባለ 5 ብሎን ሆናለች፤ በ5 ኢንች ክብ ላይ። ከዚያ በፊት የነበሩት ባለ 6 ናቸው። 5 ኢንች ደግሞ 127 ሚሊሜትር ነው። ሒሳቡ ገጠመልኝ፤ ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ።

ቤት ገባሁ፣ በክሪክ አነሳኋት፣ የፊቱን ሞዞው ላይ፣ ቸርኬው የሚታሰርበት እምብርት ላይ፣ ላስገባው ስል አንድ ጣት ሲቀረው ቀጥ አለ። በቡጢ መታሁት። በጉልበቴ ገፋሁት። ወይ ፍንክች። ብሎኖቹ ቀዳዳቸውን አግኝተዋል፤ ያልገባው የመሃሉ ነው። የጂፑ የመሃል ቀዳዳ 71.5 ሚሊሜትር ነው። የእኔ ሞዞ 78 ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ቀዳዳ ማን ጠይቆ ያውቃል?

እዚያው መመለስ ነበረብኝ። እልኸኛ ነኝና ቶርኖ ቤት ወስጄ ቀዳዳውን አስፋሁት። ገባ። ፎቶ አነሳሁ፣ ለወንድሜም ላክሁ። በማግስቱ ቤንዚን ማደያ ልገባ መሪውን ሙሉ አጥፌ ጉብታዋን ስወጣ ክርርርች የሚል ድምፅ ሰማሁ። የፓራፋንጎው ጠርዝ አዲሱን ጎማ እንደ ድንች ልጦታል።

ናዝሬት ለዓመታት ጎሚስታ የነበሩ ጎረቤት አሉኝ። ጋሼ ነው የምላቸው። ስለ መኪና ከሳቸው ጋር ሳወራ እፎይ እላለሁ፤ እዚህ አገር ጋራዥ ገብቼ ክሪክ፣ ሞዞ፣ ቴስቲና ብል ማን ይሰማኛል? ከጣሊያን የወረስነው ቋንቋ ነው። ጋሼ ጎማውን አላዩትም። ቸርኬውን አስወለቁኝ፣ ካርቶን ላይ በፊቱ አስደፉት፣ በጀርባው ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ አጋደሙ። ከጣውላው ተነስተው ቸርኬው ሞዞው ላይ እስከሚያርፍበት ድረስ ሜትር አወረዱ።

«አራት ተኩል» አሉ። «አንተ ልጅ፣ ጀርባውን ሳታይ ነው የገዛኸው?»

ባክስፔስ የሚባለው ይህ ነው። ቸርኬው ከሞዞው ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ ይነግራል። የቀረው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል። የቸርኬ ስፋት የሚለካው ጎማው በሚቀመጥበት ስለሆነ ከነጠርዙ 1 ኢንች ያህል ይጨመርበታል። ስለዚህ የእኔ ባለ 9 በሙሉ ስፋቱ 10 ነው፤ 4.5 ውስጥ፣ 5.5 ውጭ። መኪናዋ ባትወርድ ኖሮ ምናልባት ችላው ትሄድ ነበር። ስትወርድ ግን ጎማው ፓራፋንጎው ሆድ ውስጥ ነው የሚኖረው።

አራቱንም በኪሳራ ሸጥኳቸው፤ 400 ዶላር ገደማ ሄደ። ሁለተኛው ዙር ላይ ከመግዛቴ በፊት ለካሁ። ሞላውን አውጥቼ፣ ሞዞውን በክሪክ መጨረሻው ድረስ ገፋሁት፤ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ የምትሆነውን እንድትሆን። መሪውን ወደ ግራ ሙሉ፣ ወደ ቀኝ ሙሉ አዞርኩ። በየቦታው ከሞዞው ፊት እስከ ፓራፋንጎው፣ ወደ ውስጥ ደግሞ መሪውን ከጎማው ጋር እስከሚያገናኘው ቴስቲና ያለውን ጻፍኩ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ላብ በላብ። የወጣው መልስ ለፊት 8.5 ኢንች ስፋት፣ 5 ኢንች ባክስፔስ ነው። በሙሉ ስፋቱ 9.5 ስለሆነ ወደ ውጭ የሚቀረው 4.5 ብቻ ነው። ከድሮው በየጎኑ 1 ኢንች ገባ ማለት ነው። ጎማው 245/45 አር 20፤ ስፋቱ 245 ሚሊሜትር፣ ለባለ 20 ኢንች ቸርኬ ማለት ነው።

የኋላው ሌላ ተንኮል ነበረው። ከፓራፋንጎው ላይ ቱምቢ አንጠልጥዬ ስለካ ግራና ቀኙ በ1 ኢንች ተለያየ። መኪናዋ ተጋጭታ ኖሯል ብዬ ደነገጥኩ። ለካ አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ዘንግ አንድ ጫፉ አክስሉ ላይ፣ ሌላው ቻሲው ላይ ነው። መኪናዋ ስትወርድ ዘንጉ ይጋደልና አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ግማሽ ኢንች ስቦት ነበር፤ በሁለቱ ጎን 1 ኢንች ልዩነት የመጣው ከዚያ ነው። ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ገዝቼ መሃል ላይ መለስኩት። ይህን ሳላደርግ ቸርኬ ብመርጥ ኖሮ ለጠማማ አክስል ልክ ነበር የምሰፋው። ለኋላ 10 ኢንች ስፋት፣ 5.5 ባክስፔስ፣ ጎማው 275/45 አር 20 ሆነ።

ብሎኑን በተመለከተ፦ ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው የድሮው ዳዶ ለአዲሱ ቸርኬ ላይሆን ይችላል። የእኔ ቸርኬ አፉ ሾጣጣ የሆነ ዳዶ ነው የሚፈልገው። 50 ማይል ነድቼ እንደገና ሳጠብቅ ሁለቱ ትንሽ ላልተው አገኘኋቸው።

ሁሉም ሲያልቅ ጋሼ መጥተው ዞረው አዩ። «ባዶዋን ነው የለካኸው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ፒካፕ ዕቃ ካልጫነች ምኗ ፒካፕ ነው? የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ ዙሪያውን በጠመኔ ቀባነው። ከዚያ ለበዓል የታዘዘውን ጤፍ፣ ባለ 25 ፓውንድ 20 ከረጢት ጭነን፣ ጋሼ ጎኔ ተቀምጠው፣ ሆን ብዬ የባቡር ሐዲድ ያለበትን መንገድ ይዤ ሄድኩ።

ቤት ስንመለስ ጋሼ ጤፉን ሳናወርድ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በጠርዙ ላይ አስኬዱ። ነጭ ሆኖ ወጣ። ጠመኔው አልተነካም።