የመቀነስ ምልክቷን ያሳለፍኳት እኔ ነኝ
አንድ ጆርናል የሠላሳ ገጽ የቲዎሪ ፊዚክስ ፔፐር ይታተም አይታተም ብዬ እንድገመግም ላከልኝ። ሦስት ሳምንት ተሰጥቶኝ ነበር፤ እኔ አንድ ምሽት ሰጠሁት። መግቢያና መደምደሚያውን አነበብኩ፣ መሃል ያሉት ቀመሮች ላይ ዓይኔን ሮጥ አደረግኩ። ዋቢዎቹ ውስጥ የእኔም ሥራ ተጠቅሷል፤ ምን ልደብቅ፣ ደስ አለኝ። «ይታተም» ብዬ ላክሁ።

ዓመት ሳይሞላ ያንኑ ውጤት ለራሴ ሥራ ፈለግኩት። ቀመር 14 ላይ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን መስተጋብር ዜሮ ሳደርገው መልሱ ወደ ነጻ ቅንጣት ኢነርጂ መመለስ ነበረበት። እምቢ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ የራሴን ስሌት ስጠራጠር ከረምኩ። ለካ ከቀመር 11 ወደ 12 ሲታለፍ አንዲት የመቀነስ ምልክት ጠፍታለች! አምስት ደቂቃ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ብቀመጥ ኖሮ አገኛት ነበር።

ለኤዲተሩ ጻፍኩ፣ ደራሲዎቹም ማረሚያ አወጡ። የገምጋሚ ስም ስለማይገለጥ ያሳለፍኩት እኔ መሆኔን አላወቁም።

በእኛ ሙያ፣ በቲዎሪ ፊዚክስ፣ ነገሩ ይብሳል። ሙከራውን እንደገና ሠርቶ የሚያጋልጥህ ላብራቶሪ ስለሌለ፣ ቃላቱ የተለመዱ ከሆኑ ፔፐሩ ያልፋል። የፈረንሳይ ቴሌቪዥን አቅራቢዎቹ የቦግዳኖቭ ወንድማማቾች፣ ብዙ ፊዚክሰኞች ትርጉም የለሽ ያሏቸው የፊዚክስ ጽሑፎች እንደዚያ ነው ያለፉት። በ2002 እ.ኤ.አ. ጉድ ሲባል፣ አንዱን ያተመው ጆርናል ኤዲተሮች ጽሑፉ ደረጃቸውን እንደማይመጥን አመኑ፤ ግን ገምጋሚዎች አይተውት ነበር።

በ1936 ደግሞ አንስታይን ከረዳቱ ከሮዘን ጋር ሆኖ የስበት ሞገድ የለም የሚል ጽሑፍ ፊዚካል ሪቪው ለሚባለው ጆርናል ላከ። ገምጋሚው ቁጭ ብሎ ሠራውና ችግሩን አሳየ። አንስታይን ተናዶ ጽሑፉን ወሰደ፤ በኋላ ሌላ ጆርናል ላይ ሲያወጣው ግን መደምደሚያው ተቀይሯል። ስሙ አንስታይን ነው ብሎ የሚያሳልፍ ስንቱ ነበር!

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። መደምደሚያው የቆመበትን አንድ ቀመር መርጬ ጽሑፉን ዘግቼ ከዜሮ አወጣዋለሁ። ከዚያ መልሱ የታወቀ ቦታ ላይ እፈትነዋለሁ። ሁሉን ማየት አልችልም፣ ክፍያም የለውም። ስለዚህ ያላየሁትን እጽፋለሁ፤ በቅርቡ «ክፍል 4ን አልመረመርኩም፣ ሌላ ሰው ይየው» ብዬ ላክሁ። ኤዲተሩ በአንድ መስመር መለሰልኝ፦ «እሺ፣ ታዲያ ይታተም ወይስ አይታተም?»