ጀርባዬን ለሞና ሊዛ

የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም በወሩ የመጀመሪያ አርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በነፃ ነው፤ ጁላይና ኦገስት ሲቀሩ። ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ደግሞ ከኖቬምበር እስከ ማርች በወሩ የመጀመሪያ እሁድ አያስከፍልም። ይህን የሰማሁ ዕለት ከፍራንክፈርት የሌሊት አውቶቡስ ትኬት ቆረጥኩ። ማረፊያዬ የሰፈሬ ልጅ ሶፋ፣ ስንቄ በሶ።

ሉቭር ፍተሻ ላይ ቦርሳዬ ተከፈተ። ፈታሹ በላስቲክ የተቋጠረውን ቡናማ ዱቄት አየ። እኔን አየ። ተመልሶ ዱቄቱን አየ። ፈረንሳይኛ አልችልም፤ ስለዚህ ምግብ መሆኑን ላሳየው ብዬ አንድ እፍኝ ቃምኩ። በሶ በደረቁ የቃመ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቃል። ትን አለኝ። ዱቄቱ ጥቁር ዩኒፎርሙ ላይ ቦነነ። «አበበ በሶ በላ» እያልን ስናነብ፣ አበበ አጠገቡ ውሃ ይኑረው አይኑረው ማን ነገረን? ሰውዬው ልብሱን እያራገፈ በእጁ «ሂድ፣ ሂድ» አለኝ።

ሞና ሊዛ 77 በ53 ሴንቲ ሜትር ናት። ሕዝቡ ግን በሥራ መውጫ ሰዓት ሜክሲኮ ታክሲ እንደመጣ ነው የሚጋፋው። እየገፉ እየገፉ አጥሩ ድረስ አደረሱኝ። አየኋት። ደህና ናት። ዘወር ስል ግን ፊት ለፊቷ ያለው ግድግዳ ላይ ሠርግ አለ!

ጥር 12 ስናከብረው ያደግነው ቃና ዘገሊላ ነው። ቬሮኔዜ በ1563 የጨረሰው፣ ወርዱ 10 ሜትር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ስዕል። ሙዚቀኛ፣ ውሻ፣ አሳላፊ፣ ከጌታ ራስ በላይ ሥጋ የሚከትፍ ሰው፤ ምን የሌለ አለ? የናፖሊዮን ወታደሮች በ1797 ከቬኒስ ገዳም የምግብ አዳራሽ ወሰዱት። ናፖሊዮን ሲወድቅ «መንገድ ይጎዳዋል» ተብሎ እዚሁ ቀረ። መቅደላን ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ሰበብ አዲስ አይደለም።

ሥጋው ላይ ዓይኔን ተክዬ ቆይቼ ዝቅ ስል ያ ሁሉ ስልክ እኔ ላይ ተቀስሯል። በየቋንቋው ይጮሁብኛል። ገለል እንዳልል መተንፈሻ የለም። አሁን ከሴኡል እስከ ሳኦ ፓውሎ በየሰው ስልክ ውስጥ፣ ጢሜ በሶ እንደለበሰ፣ ከሞና ሊዛ ሥር አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ።

ቬርሳይ የመስታወት አዳራሹ 357 መስታወት አለው። ሶፋ ያጎበጠውን ሰው ይህን ያህል ጊዜ ለራሱ ማሳየት ግፍ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን የሉዊ 14ኛ መኝታ ቤት ነው። ንጉሡ ጠዋት ሲነሳ ባለሟሎቹ ዙሪያውን ቆመው ያዩት ነበር። የእሱን ልብስ ያቀብሉታል። እኔንም በማግስቱ ጠዋት የጓደኛዬ ልጆች ዙሪያዬን ቆመው ጠበቁኝ።

«ጋሼ፣ ተነስልን። ሪሞቱ ሥርህ ነው።»