ሰነዱን በራሱ እንዲጻፍ ሳደርግ

ደብረ ብርሃን ላይ ሆኜ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮግራም ገበሬው ያስረከበውን ገብስ ይመዘግባል፣ ሒሳቡን ያሰላል፣ ክፍያ ሲገባም በስልክ መልእክት ያሳውቃል። አሠራሩን የሚያስረዳ ሰነድ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ኮዱ በየሳምንቱ ስለሚቀየር በእጅ መጻፉን ተውኩት። አዲስ ልጅ ሲቀጠር ግን ከኮዱ ሰነድ የሚያወጣውን ስፊንክስ የሚባል ፕሮግራም ጫንኩ።

ስፊንክስን ጌኦርግ ብራንድል የሠራው ለራሱ ለፓይተን ሰነድ ነው፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ኦቶዶክ የሚባለው ክፍሉ በየፈንክሽኑ፣ አንድ ሥራ በሚሠራው የኮድ ቁራጭ፣ ራስጌ ሥር የሚጻፈውን ማብራሪያ፣ ዶክስትሪንጉን ማለቴ ነው፣ ለቅሞ ገጽ ያደርገዋል።

ኦቶዶክ ግን ማብራሪያውን የሚያገኘው ሞጁሉን (የኮዱን ፋይል) ኢምፖርት አድርጎ፣ ማለትም ጭኖ አስኪዶ ነው። ያኔ ከፈንክሽን ውጭ ያለ ትእዛዝ ሁሉ ይሠራል። የእኔ መልእክት መላኪያ ደግሞ ፋይሉ ግርጌ ላይ፣ ከፈንክሽን ውጭ ሜዳ ላይ ነበር የተቀመጠው። ሰነዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳወጣ የትናንቱ የክፍያ መልእክት ለገበሬው ሁሉ ድጋሚ ሄደ። በማግስቱ ማለዳ፣ በዚያ ብርድ፣ ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ አባት ስልካቸውን ዘርግተው «ልጄ፣ ሁለተኛው ብር የታለ?» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ መሳፈሪያቸውን ሰጠኋቸው። ፊታቸው እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። የዚያኑ ዕለት መላኪያውን ፈንክሽን ውስጥ አስገብቼ፣ ፋይሉ በቀጥታ ሲሠራ ብቻ እንዲጠራ አደረግኩት። ሰነዱንም የመላኪያው የይለፍ ቃል በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ አወጣለሁ።

ገጾቹ አምረው ወጡ፤ ውስጣቸው ግን ባዶ ነበር። «ቀን፦ የርክክቡ ቀን» ይላል። ልጁ አንብቦ «ይሄ ቀን በእኛ ነው በፈረንጅ?» አለኝ። ኮዱን ከፍቼ ሳየው አንዱ ፈንክሽን በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ይቀበላል። የፓይተን የቀን ዓይነት 13ኛ ወር ስለማይቀበል የጳጉሜን ርክክብ በተራ ጽሑፍ ነበር የማስቀምጠው። ይህን ከእኔ ጭንቅላት በቀር የትም ቦታ አልጻፍኩትም፤ ስፊንክስ ደግሞ ያልተጻፈ ነገር ከየትም አያመጣም።

ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ዶክስትሪንግ ብቻ ጻፍኩ። ቀኑ በማን አቆጣጠር እንደሆነ፣ ክብደቱ በኩንታል ይሁን በኪሎ፣ ገበሬው መዝገብ ላይ ካልተገኘ ምን እንደሚመለስ። በቀን መለወጫው ላይ ምሳሌ ጨመርኩ፦ መስከረም 1 ቀን 2016 ሲገባ ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ይወጣል። ምሳሌውን ዶክቴስት የሚባለው የፓይተን መሣሪያ እያስኬደ ያጣራዋል፤ ካልገጠመ ሰነዱ እንዳይወጣ አድርጌዋለሁ።

በቅርቡ ልጁ መለወጫውን አሳጥሮ ሲጽፈው ዶክቴስት አስቆመው፤ አዲሱ ኮድ መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ያደርገው ነበር። እኔን ሳይጠራ ማብራሪያውን አንብቦ ራሱ አስተካከለው።