ቅጠሉ ለምለም፣ ውስጡ ባዶ

ዛሬ ሰፈር ውስጥ ዛፍ ሲቆረጥ ቆሜ አየሁ። የከተማው ምክር ቤት የታመሙትን የመንገድ ዳር ዛፎች በሌላ ለመተካት በጀት አጽድቋል። አንዲት እናት ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም። "ምነው ልጄ፣ ይሄ እኮ ቅጠሉ ለምለም ነው!" አሉት ባለመጋዙን። ክርክር አልገጠመም። "እማማ፣ ይምጡና ይዩት" ብሎ ጉቶውን አሳያቸው።

ዳር ዳሩ ደህና እንጨት ነው፣ ስስ ቀለበት። መሃሉ ግን ቡናማ ብናኝ ሆኗል። እጁን ሲከት እስከ አንጓው ገባ። ለካ ዛፍ ውሃ የሚስበው በዳሩ በኩል ስለሆነ፣ መሃሉ በስብሶም ቅጠል ያወጣል። ነፋስ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚታወቀው።

በጀቱ ደስ ብሎኛል። ያሳሰበኝ የሚተከለው ነው። መንገዱን ሙሉ አንድ ዓይነት ዛፍ መደርደር ለፎቶ ያምራል፤ ለበሽታ ግን ድግስ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ኤልም የሚባለው ዛፍ በገፍ ያለቀው በዚህ ዓይነት ነው። በሽታውን የሚያመጣውን ፈንገስ ጥንዚዛ ታመላልሰዋለች፤ ተጠጋግተው የተተከሉት ደግሞ ሥሮቻቸው ስለሚጋጠሙ ከመሬት በታች ይቀባበሉታል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍራንክ ሳንታሞር በ1990 እ.ኤ.አ. ከከተማ ዛፎች አንድ ዝርያ ከ10 በመቶ አይብለጥ ያለው ወዶ አይደለም።

ሌላው ውሃ ነው። ችግኝ ሲተከል ካሜራ ሞልቷል፤ በበጋ ባልዲ የሚይዝ ነው የሚጠፋው። እስቲ በጀቱ ውስጥ የማጠጫም ይኑርበት።