የባለቤቴን የጀርመን ዘር በፔንስልቬንያ መዝገቦች እንዴት እንደፈለግኩ

ልጆቼ በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ አባቴ አስቆጥሯቸዋል። በአባታቸው በኩል ግን ከቅድመ አያት አልፈው የሚያውቁት አልነበረም። ባለቤቴ የፔንስልቬንያ ተወላጅ ነው፤ ከቤተሰቡ የወረሰው «አያቶቻችን ከአሜሪካ አብዮት በፊት ከጀርመን በመርከብ መጡ» የሚል ወሬ ብቻ ነው። ይህ ስለከነከነኝ ፍለጋውን እኔው ያዝኩት።

የሄድኩት ከዛሬ ወደ ኋላ ነው። ብዙ ሰው በ1683 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በፊላደልፊያ አጠገብ ጀርመንታውንን ከመሠረቱት፣ ከጀርመኗ ክሬፌልድ ከተማ ከመጡት ቤተሰቦች ጀምሮ ወደ ታች ለመውረድ ይሞክራል፤ ያ ግን እንደ ሚለር ያለ በየመንደሩ የሚገኝ ስም ሲያጋጥም ከባዕድ ጋር ያዛምዳል። እኔ ከአማቴ የልደት ወረቀት ተነስቼ ከልጅ ወደ አባት በሕዝብ ቆጠራ፣ በኑዛዜና በመሬት ሰነድ ወጣሁ። እዚህ ላይ የአስተዳደር ወሰን ታሪክ ማወቅ ግድ ነው። የፔንስልቬንያው በርክስ ካውንቲ (ካውንቲ እንደ እኛ ወረዳ ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው) የተመሠረተው በ1752 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት እዚያው መሬት ላይ የኖረ ሰው ወረቀቱ ያለው በፊላደልፊያ፣ በላንካስተር ወይም በቼስተር ነው። በእንግሊዝ ግዛቶች እስከዚያው 1752 ድረስ ሕጋዊው አዲስ ዓመት የሚገባው መጋቢት ላይ ነበር፤ የጥርና የየካቲት ቀኖች በአሁኑ ቆጠራ የሚቀጥለው ዓመት ናቸው። በሁለት አቆጣጠር ለምንኖር ለእኛ ይህ አይከብድም።

ቀጥሎ የመርከብ ዝርዝሮቹ ናቸው። ከ1727 ጀምሮ ፊላደልፊያ የሚደርሱ ጀርመናውያን ወንዶች፣ ዕድሜያቸው ከ16 በላይ ከሆነ፣ ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ ለመሆን ይምሉና ይፈርሙ ነበር። ለአንዳንድ መርከቦች ሦስት ዝርዝር አለ። የካፒቴኑ ዝርዝር ስሙን እንግሊዛዊ ጆሮ እንደሰማው ይጽፈዋል፤ በመሐላው ላይ ግን መጻፍ የሚችለው ሰው በራሱ እጅ ፈርሟል። ያንን ፊርማ በካውንቲው ከተቀመጠው ዋናው ኑዛዜ ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የፊደሉ አጣጣል አንድ ሆነ። ከስም መመሳሰል ይልቅ ያመንኩት ይህንን ነው።

ዝርዝሩ ግን የትውልድ መንደርን አይናገርም፤ ሴቶችንና ሕፃናትንም አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። መንገዱን የከፈተልኝ የጥምቀት መዝገብ ነው። ሉተራንና ሪፎርምድ የሚባሉት የሁለቱ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ምዕመናን ብዙ ጊዜ አንድ ሕንፃ ይጋሩ ስለነበር ሁለቱንም መዝገብ ማየት ያስፈልጋል። እንደ ዮሐን ካስፐር ሽቶቨር ያሉ ተዘዋዋሪ ቄሶች ደግሞ ያጠመቁትን በግል መዝገባቸው ይይዙ ነበር። እዚያ ከሕፃኑ ስም ይልቅ ክርስትና ያነሱትን ሰዎች ተከተልኩ። አበልጅ ሆኖ የሚጠራው እንደ እኛው ዘመድ ወይም የቅርብ ወዳጅ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ደግሞ እዚያው መርከብ ላይ ተመዝግበው አገኘኋቸው። ከመካከላቸው የአንዱ ስም እምብዛም የማይገኝ ስለነበር የመጣበትን መንደር ማግኘት ቀላል ሆነ፤ በክራይሽጋው፣ በሃይደልበርግ ደቡብ በኩል ነው። የዚያን መንደር ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ስከፍት የባለቤቴ ሰውም እዚያው ተጠምቋል፤ ቄሱም በገጹ ጠርዝ ላይ ወደ ፔንስልቬንያ መሄዱን ጽፈዋል። ከደስታዬ ብዛት ልጆቹን ከእንቅልፍ ቀሰቀስኳቸው።

የድሮውን የጀርመን የእጅ ጽሕፈት ማንበብ መማር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቢሆንም ከሁሉ አስቀድሞ መማር ያለበት እሱ ነው። ወንድማማቾች ሁሉ ዮሐን ተብለው ሊጠመቁ ይችላሉ፤ የሚጠሩበት ግን በሁለተኛው ስም ስለሆነ ሁለቱንም ሳይነጣጥሉ መመዝገብ ይሻላል።

የ30ው ዓመት ጦርነት በ1648 ሲያበቃ ባዶ ወደቀሩት የክራይሽጋው መንደሮች ብዙ ስዊሶች ገብተዋል። በመርከብ የመጣው የባለቤቴ ሰው ሚስት አያትም በሞት መዝገቡ ላይ የስዊዘርላንዱ በርን ግዛት ተወላጅ ተብሏል፤ አሁን የያዝኩት የበርንን መዝገቦች ነው።