የጅቡቲ መንገድ በሰኔና በሐምሌ

ከባድ መኪና ይዤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የምመላለስ ሹፌር ነኝ። በሰኔና በሐምሌ የደጋው ሰው ካፖርት ደርቦ ከዝናብ ሲጠለል፣ እኛ በዚያው ቀን አዋሽን ተሻግረን የአፋር ሜዳ ውስጥ እንገባለን። መንገዱ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ፣ ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ተጉዞ ባሕር ጠረፍ ላይ ያበቃል፤ በእነዚህ ወራት በሠመራም ሆነ በጅቡቲ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። ይህን ወቅት ራሴን፣ ረዳቴንና የተሰጠኝን ንብረት ጠብቄ ማለፍ የቻልኩት ሙቀቱን በመቋቋም ሳይሆን ሰዓቴን በማስተካከል ነው።

ሙያውን የቀሰምኩት በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ አሰብ ሲመላለሱ ከኖሩ አንጋፋ ሹፌሮች ነው። አንደኛው ሚሌ በተገናኘን ቁጥር «ልጄ፣ ፀሐይዋ ስትበረታ አንተ የቀንህን ሥራ ጨርሰህ መገኘት አለብህ» ይሉኝ ነበር። በምክራቸው መሠረት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቼ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት እነዳለሁ፤ ከዚያ ሞተር አጥፍቼ እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ እቆያለሁ፤ አመሻሹን እንደገና ተንቀሳቅሼ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሳያልፍ አድራለሁ። ብዙዎች ሙቀቱን ለመሸሽ ሌሊቱን በሙሉ መንዳት ይመርጣሉ፤ እኔ አልስማማበትም። በገዋኔ አካባቢ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ስለደረሰ ግመል ከውስጡ ሲወጣ በመብራት የሚታየው እጅግ ከቀረበ በኋላ ነው፤ ቀን ያልተኛ ሹፌር ደግሞ ያን ጊዜ ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል። ጫትም ቢሆን እንቅልፉን ያቆየዋል እንጂ ድካሙን አያወርደውም።

ስለዚህ ትልቁ ጉዳይ የቀን እንቅልፍ ነው። ጋቢና በቀትር አያስተኛም፤ ከተሳቢው ሥር ያለው ጥላ ደግሞ ምንጣፍ ቢነጠፍበት የተሻለ ነፋስ ያገኛል። ነገር ግን መኪና ሥር መተኛት ሰው የሚያስጨርስ ነገር በመሆኑ፣ ቁልፉን ነቅዬ በክር አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ፣ ጎማውንም ከፊትና ከኋላ በድንጋይ አስደግፋለሁ፤ ሁለቱን ሳላደርግ ጋደም አልልም፣ ረዳቴም እንዲተኛ አልፈቅድም። በአፋር በኩል አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሽርጥ ውኃ ነክሮ መልበስ በእርግጥ ያቀዘቅዛል፤ ጀሪካንን በረጠበ ጆንያ ጠቅልሎ ነፋስ ላይ ማስቀመጥም የመጠጡን ውኃ ያበርደዋል። ጅቡቲ ሲደርሱ ግን አየሩ ራሱ በባሕሩ እርጥበት የተሞላ በመሆኑ የነከሩት ጨርቅ አይደርቅም፣ አያቀዘቅዝምም። እዚያ የሚረዳው ጥላና ቬንትሌተር ብቻ ነው፤ ጭነት የሚጠብቁባቸው ቀናት ከጉዞው የሚከብዱትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጎማን በተመለከተ ያየሁት የተሳሳተ ልማድ አለ። በቀትር ሲለካ ንፋሱ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ያስተነፍሰዋል፤ ጎማው ሲቀዘቅዝ ግን ከሚገባው በታች ይሆናል፣ በቀጣዩ ጉዞ ጎኑ አብዝቶ እየተጣጠፈ ከመጠን በላይ ይግላል፣ የሚፈነዳውም ያን ጊዜ ነው። ንፋስ የሚለካው ሌሊት ከመነሣት በፊት፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ብቻ ነው። በየማረፊያው ደግሞ የእጄን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማና ወደ ቸርኬው አስጠግቼ በዙሪያው እሄዳለሁ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ንፋሱ ጎድሏል፣ ወይም ፍሬኑ ይዟል፣ ወይም ኩሽኔታው ሊሄድ ነው፤ በተለይ ጎን ለጎን ከተገጠሙት ሁለት ጎማዎች የውስጠኛው ሲተነፍስ ከውጭ ስለማይታይ፣ ጭነቱን ብቻውን የተሸከመው የውጭኛው በሙቀቱ ያስታውቃል። ለራዲያተር የሚሆነውን ውኃ ከአዳማ እይዛለሁ፤ የቆላው ጉድጓድ ውኃ ጨው ስለሚበዛበት ውስጡን ይደፍነዋል።

ከሁሉ በላይ አብሯችሁ ያለውን ሰው ተመልከቱ። ጅቡቲ ውስጥ ባለችው ዲክሂል ከተማ አጠገብ ቆመን ሳለ ረዳቴ «ጋሼ፣ መኪናው እየሄደ ነው እኮ፣ ያዘው!» አለኝ፤ መኪናው ግን ከቆመ ቆይቷል። ፊቱ ቀልቷል፣ ቆዳው እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ ሲጠሩትም ዘግይቶ ነው የሚመልሰው። ወዲያው ጥላ ውስጥ አስተኝቼ ልብሱን አወለቅሁለት፣ የያዝነውን ውኃ ከራሱ ጀምሮ አፈሰስኩበት፣ በካርቶን እያራገብኩ መኪና አስቁሜ ጤና ጣቢያ አደረስኩት። ሰው እንዲህ ሲቀባዥር ሙቀቱ አእምሮውን ነክቶታል ማለት ነው፤ መጀመሪያ ገላውን ማቀዝቀዝ ይገባል እንጂ፣ በውል ሳይነቃ ውኃ በአፉ ማፍሰስ ሊያንቀው ይችላል። ከዚያ ወዲህ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከጋቢናው አይጠፋም፤ በላብ የሚወጣው ውኃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ስለሆነ፣ ውኃ ብቻ እየጠጡ ቀኑን ሙሉ መዋል አይበቃም።

ሲመለሱ ጉዳዩ ይለወጣል፤ ማዳበሪያ ወይም ስንዴ ሞልቶ የተጫነው መኪና ከባሕር ጠረፍ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ጋላፊ፣ ሲወጣ የሚደክመው ሞተሩ ነው። የሙቀት መርፌዋ ሳትነሣ ማርሽ እቀንሳለሁ፤ ከዳገት በኋላ ስቆምም ወዲያው ከማጥፋት ጥቂት ደቂቃ በቀስታ እንዲዞር እተወዋለሁ፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አልነካም።

ይህ ሁሉ የሚቻለው የመኪናው ባለንብረት ከተስማማ ነው። አበል የሚከፈለው በምልልስ ብዛት ስለሆነ፣ በቀትር የሚቆም ሹፌር ገንዘብ የሚያጣ ይመስላል፤ ቶሎ ተመለስ የሚል ስልክም ሹፌሩን በቀትር አስፋልት ላይ ያውለዋል። እኔ ከመነሣቴ በፊት የማረፊያውን ሰዓት ጨምሬ የምደርስበትን ቀን ለአሠሪዬ በግልጽ እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ አልወደዱትም ነበር፤ የአንድ ክረምት የጎማ ወጪያቸውን ካለፈው ጋር ካስተያዩ በኋላ ግን በሌሎቹ መኪኖቻቸው የጉዞ ዕቅድ ላይም ከ4 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ዕረፍት ራሳቸው ይጽፉት ጀመር።